ዓሣን አንድ በአንድ ለይቶ መከታተል፦ የትኛውን መለያ እንምረጥ? እንዴትስ እናስገባው?

በአንድ ኩሬ የሚዋኙ እናትና አባት ቆሮሶዎች (ቲላፒያ ዓሣዎች) ለዓይን አንድ ናቸው። የትኛዋ እንቁላል እንደጣለች፣ የትኛው በወር ስንት ግራም እንደጨመረ ለማወቅ እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ መለያ ሊኖረው ይገባል። መለያ ከመግዛታችሁ በፊት ሦስት ነገር ወስኑ፦ ዓሣው ስንት ግራም ነው? መለያው ስንት ጊዜ ይቆይ? ማንስ ነው የሚያነበው? ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ሲረሳ ነው።

ለኩሬ እርባታ ከሁሉም የምንመርጠው ፒት ታግን ነው። የተለመደው 12 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ በመስታወት የታሸገ ቺፕ ነው። ባትሪ ስለሌለውና ማንበቢያው ሲጠጋው ብቻ ኃይል አግኝቶ ቁጥሩን ስለሚልክ ዓሣው እስካለ ድረስ ያገለግላል። በ134.2 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራውን፣ ኤፍዲኤክስ-ቢ የሚባለውን ዓይነት ከገዛችሁ ለውሻና ለከብት ቺፕ የተሠራ ማንበቢያም ያነበዋል። ችግሩ ከውጭ አለመታየቱ ነው። በጣና ወይም በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣውን የሚይዝ አጥማጅ መለያ እንዳለው እንኳ አያውቅም።

አጥማጁ እንዲያሳውቃችሁ ከፈለጋችሁ ከጀርባ የሚንጠለጠለው ቲ-ባር፣ ማለትም ጫፉ የ“T” ቅርጽ ያለው የፕላስቲክ መለያ ይሻላል፤ ቁጥርና ስልክ ይታተምበታል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። መርፌው በጀርባ ክንፍ ሥር፣ ወደ ጭንቅላት አቅጣጫ 45 ዲግሪ ያህል ተጋድሞ ይገባል። የመለያው ጫፍ ክንፉን ከሚሸከሙት አጥንቶች መሐል አልፎ መያዝ አለበት። ሥጋ ላይ ብቻ ከቀረ በሳምንታት ውስጥ ይወልቃል፤ ስለዚህ ካስገባችሁ በኋላ በቀስታ ሳብ አድርጋችሁ ፈትሹ። ከጊዜ በኋላ አልጌ ቁጥሩን ይሸፍነዋል፣ መረብም ይይዘዋል። ለትንንሽ ዓሣ አይሆንም።

ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለሆኑ ጫጩቶች ከቆዳ ሥር የሚወጋ ባለቀለም ሲሊኮን አለ። ቁጥር ስለሌለው መለያው የቀለምና የቦታ ጥምር ነው፦ 4 ቀለምና 5 የሰውነት ቦታ ኖሯችሁ በእያንዳንዱ ዓሣ ሁለት ቦታ ብትወጉ 160 ዓሣ መለየት ይቻላል። በጥቁር ቆዳ ላይ ስለማይታይ ክንፍ ሥር ውጉት። ክንፍ መቁረጥ ደግሞ የሚያገለግለው ቡድንን ለመለየት ነው፤ ክንፉ ተመልሶ ያድጋል።

አሁን ወደ ፒት ታግ አገባብ። ዓሣውን ከ24 ሰዓት በፊት ምግብ ከልክሉት፤ ሥራውንም ውኃው ሳይሞቅ በጠዋት ጀምሩ። ሴት ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል፣ አገጯ ሥር ያበጠችዋን ለሌላ ቀን ተዋት፤ ከያዛችኋት ትተፋዋለች።

ለማደንዘዣ አንድ እጅ ንጹሕ የቅርንፉድ ዘይት በዘጠኝ እጅ አልኮል በጥብጡ፤ ዘይቱ ብቻውን ከውኃ ጋር አይዋሃድም። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር በ20 ሊትር የኩሬ ውኃ ሲጨመር በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ይሆናል። በሌላ ዘይት ተበርዞ ለፀጉር የሚሸጠው አይሆንም፤ መጠኑን ማወቅ አይቻልም። ዓሣው ተገልብጦ ስንጥቡ (የሚተነፍስበት አካሉ) ግን መንቀሳቀሱን ከቀጠለ ደንዝዟል። ስንጥቡ ከቆመ ወዲያውኑ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ክተቱት። በዚህ የደነዘዘ ዓሣ በቅርብ ቀን ለምግብ አይሸጥ።

መርፌውንና ታጉን በ70 በመቶ አልኮል ካጸዳችሁ በኋላ እንዲደርቁ ተዉአቸው። ታጉን ከመውጋታችሁ በፊት አንብቡት፤ የማይሠራ ከሆነ ማወቅ ያለባችሁ አሁን ነው። ዓሣውን በጀርባው አጋድማችሁ፣ ከሆድ ክንፎቹ በስተኋላ፣ ከመሐል መስመሩ ትንሽ ወደ ጎን ሁለት ቅርፊቶች የሚገናኙበትን ቦታ ፈልጉ። ቅርፊትን መብሳት መርፌውን ያንሸራትተዋል። መርፌው ወደ ጭንቅላት አቅጣጫ ተጋድሞ ይግባ። የሆድ ግድግዳው ሲያልፍ እጃችሁ ላይ ድንገት ቀለል ይላል፤ እዚያው ቁሙና ታጉን ግፉ። መርፌውን ቀጥ አድርጎ መውጋት ወይም አጥልቆ መስደድ ጉበትና አንጀት ይጎዳል። ሥጋ ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ ነገር ግን ለምግብ በሚውል ዓሣ ታጉ ገበታ ላይ ሊደርስ ይችላል።

መርፌውን አውጥታችሁ ታጉን እንደገና አንብቡ፣ ክብደትና ርዝመት መዝግቡ፣ አየር በሚነፋበት ንጹሕ ውኃ መልሱት። ማንበቢያው ዝም ካለ መጀመሪያ ጠረጴዛውን ተመልከቱ፤ ብረት ምልክቱን ያዳክመዋል። ሁለት ታጎች አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑም አንዱ የሌላውን ንባብ ይረብሻል።

የታጉ ክብደት ከዓሣው ክብደት 2 በመቶ አይለፍ የሚለው የተለመደ መነሻ ነው። የ12 ሚሊ ሜትር ፒት ታግ 0.1 ግራም ገደማ ስለሆነ በስሌቱ 5 ግራም ዓሣ ይበቃል፤ ቁስሉ ግን ለዚያ ዓሣ ትልቅ ነው፤ እኛ ከ20 ግራም በላይ ያለውን እንመክራለን።

የወለቀውን መጠን ለማወቅ ቢያንስ ጥቂቶቹን በሁለት ዓይነት መለያ ምልክት አድርጉባቸው። መልሳችሁ ከያዛችኋቸው ውስጥ ለምሳሌ 40ዎቹ ሁለቱንም፣ 10ሩ ፒት ታግ ብቻ ይዘው ቢገኙ፣ ቲ-ባሩ የቆየው በ50ው ውስጥ በ40ው ነው፤ ማለትም 80 በመቶ። ኩሬው ሲደርቅም ጭቃውን በማንበቢያው አስሱት፤ ዓሣ በሌለበት የሚነበብ ቁጥር ወይ የወለቀ ወይ የሞተ ስለሆነ ከዕድገት መዝገቡ ላይ ለይታችሁ አውጡት።