ከስታርትአፕ መስራችነት ወደ ኮችነት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድርጅታቸውን ሸጠው ወይም ዘግተው የሥራ መሪዎች ኮች የሚሆኑ መስራቾች ጥቂት አይደሉም። ኮች ማለት መልስ ከመስጠት ይልቅ እየጠየቀና እያዳመጠ ሰው ራሱ መፍትሔውን እንዲያገኝ የሚያግዝ ባለሙያ ነው። ማት ሞቻሪ ቶታሊቲ የተባለውን ኩባንያ ከመሰረቱት አንዱ ነበር። ኩባንያው ከተሸጠ ከዓመታት በኋላ የክሪፕቶ ገንዘብ መገበያያ የሆነውን ኮይንቤዝን የሚመራውን ብራያን አርምስትሮንግን የመሳሰሉ ሰዎች ኮች ሆነ። የጉግል አለቆች ኮች የነበረው ቢል ካምቤል ደግሞ ከዚያ በፊት ጎ ኮርፖሬሽን የሚባል ኩባንያ መርቶ አልተሳካለትም። ስለዚህ «ድርጅቴ ከስሮ ማን ይሰማኛል?» ብለው አይስጉ። ሰው የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ነው።

የራስን ታሪክ መልስ አድርጎ ማቅረብ። ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። እንበል፣ በዕድሜ እኩያዎ የሆነች ሥራ አስኪያጅ «የፋይናንስ ኃላፊዬን ላሰናብተው ነው መሰለኝ» አለችዎት። ምላስዎን ይበላዎታል። «እኔም እኮ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበረኝ! ስታገሰው ስታገሰው ከሰርኩ። ዛሬውኑ አሰናብቺው!» እሷም ማስታወሻ ትይዛለች፣ አመስግና ትሄዳለች።

ደስ ይላል። ግን የፈቱት የራስዎን የድሮ ጣጣ ነው። ሰውየው የባንኩን ጉዳይ ሁሉ ብቻውን የያዘ ይሁን፣ የቦርድ ሰብሳቢው ዘመድ ይሁን፣ ምን እንደሚጠበቅበት ጭራሽ ተነግሮት የማያውቅ ይሁን፣ አንዱንም አልጠየቁም። «ምን ሲያደርግ አይተሽ ነው? ለእሱስ ነግረሽዋል?» ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ ብዙ ነገር ይወጣ ነበር። ከባዱ ያ ዝምታ ነው። መስራች የኖረው ፈጥኖ በመወሰን ስለሆነ አንድ ደቂቃ ዝም ማለት ዓመት ይሆንበታል።

ታሪክዎን ለዘላለም ይቅበሩት እያልኩ አይደለም። «የኔን ልንገርሽ ወይስ ይቆይ?» ብለው ያስፈቅዱ። ሲፈቀድልዎ ባጭሩ ይንገሩና ወደ እሷ ጉዳይ ይመለሱ።

ሥልጠናን መናቅ። «ይህን ሁሉ ሰው አስተዳድሬ አሁን ክፍል ልግባ?» የሚል አለ። በእርግጥ ማንም ተነስቶ ኮች ነኝ ቢል ከልካይ የለውም። ቢሆንም በ1995 የተመሰረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን፣ አይሲኤፍ፣ ለመጀመሪያው ደረጃ እንኳ 60 ሰዓት ሥልጠናና 100 ሰዓት ከደንበኛ ጋር የተሠራ ኮቺንግ ይጠይቃል። ለቀጣዩ 125 እና 500፣ ለከፍተኛው ደግሞ 200 እና 2,500 ነው። በኔ ግምት ከሁሉም ጠቃሚው ልምድ ያለው ኮች የእርስዎን አሠራር ሰምቶ የሚተችበት 10 ሰዓት ነው። የፈለገ ገንዘብ ቢያስወጣ እሱን አይዝለሉት።

ድርጅትን በዘጉ ማግስት ኮችነት መጀመር። ከቀድሞ ባልደረባዎ ጋር በሐሳብዎ ገና እየተጨቃጨቁ ከሆነ ትንሽ ይቆዩ። ደንበኛዎ ከሽርካው ጋር ተጣላሁ ሲልዎት ሳያውቁት ወገን ይይዛሉ።

የሚከፍለውንና የሚቀመጠውን አለመለየት። ብዙ ጊዜ ክፍያው የሚመጣው ከቦርዱ ወይም ከባለሀብቱ ነው፤ ከእርስዎ ጋር የሚቀመጠው ግን ሥራ አስኪያጁ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ሁሉም ይተዋወቃል። የቦርድ ሰብሳቢው ሠርግ ላይ ያገኙዎትና ሳህን እንደያዙ ጠጋ ብለው «እንዴት ነው ልጁ? ይሻለዋል?» ይላሉ። በቅንነት ነው የሚጠይቁት፤ ትልቅ ሰውም ናቸው። «ጋሼ፣ እሱን ከራሱ ቢሰሙት ይሻላል» ለማለት አፍዎ ይያዛል። «ኧረ ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ…» ካሉ አለቀ። ወሬው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ይደርሳል፣ ሰውየውም ከእንግዲህ እውነቱን አያወራዎትም።

መፍትሔው ገና ሲጀመር ሦስታችሁም ተቀምጣችሁ በጽሑፍ መስማማት ነው። ግቡ ምን እንደሆነና ቀጠሮው መከበሩን ከፋዩ ይወቅ። የተወራው ግን እዚያው ይቀራል። ውሉ ካለ ሠርጉ ላይ «ያው እንደተስማማነው ነው ጋሼ» ማለት አይከብድም።

«ቡና እየጠጣን ላማክርህ» እያሉ መክረም። ለጓደኛ ምክር መስጠት ነውር የለውም፣ ግን ኮቺንግ አይባልም። ሰዓትዎን፣ ዋጋዎንና የቆይታውን ጊዜ ይወስኑ። ኮች ሆነው አክሲዮን መግዛትም አይመከርም፤ የደንበኛው ውሳኔ የእርስዎ ኪስ ውስጥ ሲገባ ጥያቄዎ ይጣመማል።

ሊያንገራግር የመጣን ሰው ለማሳመን መሞከር። ኤሪክ ሽሚት የጉግል ሥራ አስፈጻሚ በነበረበት ጊዜ የቦርዱ አባል ጆን ዶር ኮች ያዝ ሲለው፣ ልምድ ያለኝ ሰው ነኝ፣ ምን አጠፋሁ ብሎ ቅር ተሰኝቶ ነበር። በኋላ ራሱ ከተቀበላቸው ምክሮች ሁሉ ምርጡ ይሄ እንደነበር ተናግሯል። እኛም ጋ «ኮች ተመደበልህ» የሚባል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ጥፋት ተገኘብህ» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ሰው ፊትዎ ሲቀመጥ ስለ ኮቺንግ ጥቅም አይስበኩት፣ ስለ ድሮ ኩባንያዎም አያውሩለት። «ወደ እኔ ሲልኩህ ምን አሉህ?» ብለው ይጀምሩ።