ክኒኑ ቤት ውስጥ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

አብዛኞቻችን መድኃኒት ስንገዛ ቶሎ ብለን የምናየው ማብቂያ ቀኑን ነው። ቀኑ ሩቅ ከሆነ ልባችን ያርፋል። ነገር ግን አምራቹ ያንን ቀን የወሰነው ክኒኑን ከነማሸጊያው፣ በተለካ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ አስቀምጦ ከፈተሸ በኋላ ነው። እናንተ ክኒኑን ከስትሪፑ ፈልፍላችሁ ሌላ ዕቃ ውስጥ ከከተታችሁት ወይም ምድጃ አጠገብ ካኖራችሁት፣ ያ ቀን ዋስትና አይሆናችሁም። ማሸጊያውን ከመድኃኒቱ ለይታችሁ አትዩት። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት እሱን ከመናቅ ነው።

ክኒኑ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል

ይሄ የአስፕሪን ምልክት ነው። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው፣ በተለይ ሙቀት ከተጨመረበት፣ ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና አሴቲክ አሲድ ይፈርሳል። ለኮምጣጤ ያንን ሽታ የሚሰጠው አሴቲክ አሲድ ስለሆነ አፍንጫችሁ አልተሳሳተም። ደም እንዳይረጋበት በየቀኑ አስፕሪን ለሚወስድ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሳሊሲሊክ አሲዱ እንደ አስፕሪኑ የደም መርጋትን አይከላከልም፣ ጨጓራንም ይቆጠቁጣል።

ስለዚህ አትውሰዱት። ጠርሙሱን ከፍቶ ማናፈስ ሽታውን ያጠፋው ይሆናል እንጂ የፈረሰውን አይመልሰውም፣ እንዲያውም ተጨማሪ እርጥበት ያስገባል። አዲስ ስትገዙ በስትሪፕ የታሸገውን ምረጡ። አንዱን ስታወጡ ሌላው እንደታሸገ ይቆያል።

ክኒኖቹ ተጣብቀዋል፣ ለስልሰዋል ወይም አብጠዋል

እርጥበት ገብቷል። ከየት እንደገባ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን እዩ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከመስታወቱ ጋር ያለችው ትንሽ ሳጥን ለመድኃኒት የተሠራች ትመስላለች፤ ግን ከቤቱ ሁሉ የከፋች ቦታ እሷ ናት። ሰው በሙቅ ውሃ በታጠበ ቁጥር ክፍሉ በእንፋሎት ይሞላል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፣ በማግስቱ እንደገና ይሞላል። ወጥ ቤትም ብዙ አይሻልም፤ ከምድጃው በላይ ያለው መደርደሪያ ሙቀቱም እንፋሎቱም ይደርሰዋል። የፍሪጅ አናትም ይሞቃል። በእኔ አስተያየት ጥሩው ቦታ መኝታ ቤት ውስጥ ፀሐይ የማይመታው ቁም ሳጥን ነው፤ ከፍ ያለ፣ ልጅ የማይደርስበት፣ ቢቻል የሚቆለፍ።

ቀጥሎ ጠርሙሱን እዩ። አዲስ ጠርሙስ ስትከፍቱ ጥጥ ካገኛችሁ አውጥታችሁ ጣሉት። ጥጡ የገባው ክኒኖቹ በጉዞ ላይ እየተጋጩ እንዳይሰባበሩ ነው፣ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን የአየሩን እርጥበት እየሳበ ክኒኖቹ ላይ ያስቀምጠዋል። በተቃራኒው ሲሊካ ጄል ያለባትን ትንሽ ከረጢት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ አትጣሏት። እርጥበቱን የምትመጠው እሷ ናት፤ እስከ መጨረሻው ክኒን ድረስ ውስጡ ትቆይ። በተለይ ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ግን «ይቺ አትዋጥም» ብሎ ማሳየት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም አንዳንዷ ስትታይ ክኒን ትመስላለች።

ሌላው እጃችን ነው። ታጥበን ሳናደርቅ ጠርሙሱ ውስጥ ጣት እንከታለን። ክኒኑን ክዳኑ ላይ አንከባሉት፣ የቀረውን ሳትነኩ መልሱ፣ ወዲያው ግጠሙ። ክዳኑ «ልጅ እንዳይከፍተው» ተብሎ የተሠራ ከሆነና እናንተንም ካስቸገራችሁ፣ ፋርማሲስቱን ቀለል ያለ ክዳን እንዲሰጣችሁ ጠይቁት እንጂ ክፍቱን አትተዉት።

ብዙ ሰው «ሙቀት ካበላሸው ፍሪጅ ውስጥ ላስገባው» ይላል። ሐሳቡ ክፉ ባይሆንም ለአብዛኛው ክኒን አይበጅም። ፍሪጅ ውስጥ እርጥበት አለ፣ ደግሞ ቀዝቃዛውን ጠርሙስ ሞቃት ክፍል ውስጥ ስትከፍቱት የአየሩ እንፋሎት ክኒኑ ላይ ውሃ ይሆናል፣ ይሄም በየቀኑ ይደጋገማል። ማሸጊያው ላይ «ከ2 እስከ 8 ዲግሪ» ካልተባለ በስተቀር ፍሪጅ አይግባ።

የተጣበቀውን ክኒን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅም አይሆንም። ከውጭ ይደርቃል፣ ውስጡ የተበላሸው እንደተበላሸ ነው።

ውሃ ውስጥ የሚፈላው ክኒን አልፈላ አለ

በውስጡ አሲድና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ተጠቅጥቀዋል። ሁለቱ ውሃ ሲያገኙ ይዋጋሉ፣ አረፋውም ከዚያ ይመጣል። እርጥበት ቀድሞ ከደረሳቸው ውጊያው ቱቦው ውስጥ አልቆ ይጠብቃችኋል። ክዳኑ ውስጥ ያለው እርጥበት መምጠጫ የሚሠራው ክዳኑ ጥብቅ ሲል ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን የተቀመጠ ቱቦ ተስፋ የለውም።

ቀለሙ ተቀይሯል ወይም ነጠብጣብ አውጥቷል

ነጩ ቫይታሚን ሲ ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የተሠራው አንቲባዮቲክ ቢጠቁር ወይም ቡናማ ቢሆን ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ፤ ክላቩላኒክ አሲድ እርጥበት ጨርሶ የማይችል ነገር ነው፣ አልሙኒየም ከረጢት ውስጥ የሚታሸገውም ለዚሁ ነው። ያ ክፍሉ ሲሞት የቀረው አሞክሲሲሊን ብቻውን ባክቴሪያውን ላያሸንፈው ይችላል፣ ሕመምተኛው ግን መድኃኒቱን በሰዓቱ እየዋጠ ስለሆነ እየታከመ ይመስለዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ነው።

ብርሃንም የራሱ ድርሻ አለው። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኒፌዲፒን በብርሃን የሚበላሽ መድኃኒት ነው። ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የመጣ ነገር ለውበት ብሎ ቡናማ አልሆነም፣ ስለዚህ ወደ ነጭ ብርጭቆ ወይም ወደ ጠራ ፕላስቲክ አትገልብጡት። መስኮት ጫፍ ላይም አታስቀምጡ።

ቀለም ወይም ሽታ ከተቀየረ አትመራመሩ፣ ወደ ፋርማሲ ወስዳችሁ አሳዩ።

መልኩ ደህና ነው፣ ግን እንደ ድሮው አይሠራም

ዋናው ችግር ይሄ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው የተዳከመ ክኒን በመልክ አይታወቅም።

ለልብ ሕመም ምላስ ሥር የሚደረገውን ናይትሮግሊሰሪን እንውሰድ። መድኃኒቱ የሚተን ነው። ከክኒኑ እየተነነ ይወጣል፣ ፕላስቲክና ጥጥም ይመጡታል። ለዚህ ነው በትንሽ መስታወት ጠርሙስ የሚመጣው። ለመያዝ ይመቸኛል ብሎ ሁለት ሦስቱን በፌስታል ወይም በፕላስቲክ ሳጥን የያዘ ሰው፣ ደረቱን ባመመው ሰዓት ምላሱ ሥር የሚያደርገው ባዶ ክኒን ሊሆን ይችላል። ጠርሙሱን እንዳለ ያዙት፣ ሰውነት ላይ በሚጣበቅ ኪስ ውስጥ ሳይሆን ቦርሳ ውስጥ። ከተከፈተ በኋላ የሚያገለግልበት ጊዜ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ የከፈታችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉና ፋርማሲስቱን መቼ መቀየር እንዳለበት ጠይቁ። አንዱን ወስዳችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ሕመሙ ካልለቀቀ ግን ስለ ክኒኑ አታስቡ፣ አምቡላንስ ጥሩ።

ለታይሮይድ የሚወሰደው ሌቮታይሮክሲንም ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት የሚያጠቃው ነው። መጠኑ በማይክሮግራም ስለሚለካ ትንሽ መዳከሙ እንኳ በደም ምርመራው ላይ ሊታይ ይችላል። ድካሙ ተመልሶ መጣ፣ ምርመራው ተዛባ፣ ሐኪሙ መጠን ሊጨምር ነው እንበል። ከዚያ በፊት «መድኃኒቱን የት ነው የማስቀምጠው?» የሚለውን ለራሳችሁም ለሐኪማችሁም መልሱ። የተዳከመውን መነሻ አድርጎ መጠን ከተጨመረ፣ ቀጥሎ የምትገዙት ደህናው ክኒን ከልክ በላይ ይሆንባችኋል።

በዚሁ ምክንያት «ደከም ብሏል» ብላችሁ በራሳችሁ ሁለት አትዋጡ። ምን ያህሉ እንደቀረ ከቤት ሆኖ ማወቅ አይቻልም።

በየቀኑ የተከፋፈለው ሳጥን ውስጥ ያለው ክኒን ተበላሸ

ሰኞ ማክሰኞ እያለ የተከፋፈለው የክኒን ሳጥን ለሚረሳ ሰው ትልቅ እገዛ ነው፣ ጣሉት አልልም። ግን ክዳኑ አየር አይከለክልም። ለአንድ ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ሙሉበት እንጂ የወር አትጨምሩበት።

ጭራሹን እዚያ የማይገቡም አሉ። ለደም ማቅጠኛ የሚሰጠው ዳቢጋትራን ከራሱ ማሸጊያ መውጣት ያለበት ሊዋጥ ሲል ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከአየር ውሃ ስለሚስብ ከፎይሉ ቀድሞ አይወጣም። ምላስ ላይ የሚሟሟ ክኒንም እንደዚሁ፤ በምራቅ እንዲፈርስ የተሠራ ነገር በአየሩ እርጥበትም ይፈርሳል። ለእነዚህ ስትሪፑን ከነክኒኑ በመቀስ ቆርጦ ሳጥኑ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፣ ኪሱ እንዳይቀደድ ብቻ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማብቂያ ቀኑ የታተመበትን ጫፍ መጨረሻ ላይ ቁረጡት፣ አለበለዚያ የቀረው መቼ እንደሚያበቃ አታውቁም።

ግማሽ ክኒን የምትወስዱም ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን አትግመሱ። የተገመሰው ፊት መከላከያ ስለሌለው ቶሎ ይፈረፈራል። አንዱን ገምሳችሁ ሁለቱንም ግማሽ ጨርሱና ወደሚቀጥለው እለፉ። ቀስ እያለ የሚለቀቅ ወይም አንጀት ደርሶ የሚሟሟ ክኒን ከሆነ ግን ፋርማሲስት ሳይጠየቅ አይቆረጥም።

መኪና ውስጥ ረሳሁት

ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ማሸጊያው «ከ25 ዲግሪ በታች» ወይም «ከ30 ዲግሪ በታች» ነው የሚለው። በኬሚስትሪ በግርድፉ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበላሸቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይባላል፤ በዚህ ስሌት የአንድ ከሰዓት በኋላ ስህተት ብዙውን ክኒን አይገድለውም፣ ሁልጊዜ እዚያው የሚቀመጠውን ግን ይጎዳዋል። አንድ ቀን የረሳችሁት ከሆነ ፋርማሲስቱን ደውላችሁ የመድኃኒቱን ስም ንገሩት። የልብ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የታይሮይድ ከሆነ አዲስ መግዛቱ ይሻላል ባይ ነኝ። በአውሮፕላን ስትሄዱም መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁን።

ጊዜው አልፏል፣ ልጠቀመው?

አይሆንም። ኤክስፓየር ያደረገ ሁሉ መርዝ ነው ማለቴ አይደለም፣ አብዛኛው የሚያጣው ጉልበቱን ነው። ለየት ያለም ግን ታይቷል፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተበላሸ ቴትራሳይክሊን የወሰዱ ሰዎች ኩላሊታቸው ተጎድቶ በሕክምና መጽሔቶች ላይ ተዘግቧል።

ሽንት ቤት ውስጥ አትድፉት፣ ወደ ውሃ ይገባል። የሚሰበስብ ፋርማሲ ካለ ለእሱ ስጡ። ከሌለ ክኒኖቹን ከማሸጊያ አውጥታችሁ ሰውም እንስሳም ከማይበላው ቆሻሻ ጋር ቀላቅሉ፣ በፌስታል አስራችሁ ጣሉ፣ ጠርሙሱ ላይ ያለውን የሕመምተኛ ስምም ፋቁት።