ለትንንሽ ልጆች ልዩ ልዩ ሰው የሚታይባቸውን ባለሥዕል መጻሕፍት እንዴት እንመርጣለን?

ደሴ ውስጥ የሚያድግ የአራት ዓመት ልጅ ማለዳ አዛኑንም ቅዳሴውንም ይሰማል። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤት ከከሚሴ የመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። የሰፈሩ ነጋዴ ሰኞ ባቲ ወርዶ ከአፋሮች ጋር ተገበያይቶ ይመለሳል። የአንዱ ጓደኛው አባት በጅቡቲ መስመር የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሌላው እናት ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ሦስተኛውን የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው። መጽሐፍ ሲከፈትለት ግን የሚያገኘው አንበሳ፣ ጦጣና ቀበሮ ነው። አለበለዚያ በልገሳ ከውጭ የመጣ፣ በረዶ ላይ የሚንሸራተት ባለ ቀይ ኮፍያ ልጅ።

ይህ ጽሑፍ ከልደት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች የሚነበቡ ባለሥዕል መጻሕፍትን ለሚመርጡ ወላጆች፣ አያቶችና የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ነው። ብዙ ወላጅ ሁሉንም ዓይነት ሰው የሚያሳይ አንድ መጽሐፍ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ቢገኝ እንኳ እኔ አልገዛውም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታዩታላችሁ። የሚመረጠው መደርደሪያው ነው፦ አሥር መጻሕፍት ካሏችሁ፣ አሥሩ ተደማምረው ለልጁ ማንን ያሳዩታል?

1. ከመግዛት በፊት ቤት ያለውን መቁጠር

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራው በኩል ልጃችሁ በሳምንት ውስጥ የሚያገኛቸውን ሰዎች ጻፉ፤ በስም ሳይሆን በኑሯቸው፦ ዓይነ ስውሩ መምህር፣ ሻሽ የምታስረው ባለሱቅ፣ ብቻዋን ልጅ የምታሳድገው ጎረቤት፣ በክራንች የሚሄደው ጫማ ጠጋኝ። በቀኙ በኩል ቤት ያሉትን መጻሕፍት ዘርግታችሁ የእያንዳንዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ አስፍሩ። ወንድ ነው ወይስ ሴት? የገጠር ነው የከተማ? ሰው ነው እንስሳ? ጎን ለጎን ስታዩአቸው የጎደለው ራሱን ያሳያል።

አብዛኛውን ጊዜ የእንስሳቱ ክምር ያመዝናል። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ የሕፃናት መጻሕፍት ማዕከል በየዓመቱ የሚወጡትን መጻሕፍት ይቆጥራል። በ2018 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ከተመለከታቸው መጻሕፍት ውስጥ 50 በመቶው ነጭ ዋና ገጸ ባሕርይ ነበራቸው። 27 በመቶው እንስሳትና ሌሎች ሰው ያልሆኑ ፍጡራን፣ 10 በመቶው ጥቁሮች፣ 7 በመቶው የእስያ ዝርያ ያላቸው፣ 5 በመቶው ላቲኖዎች፣ 1 በመቶው ደግሞ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነበሩ። እንስሳቱ ነጭ ካልሆኑት ልጆች ሁሉ ድምር ይበልጣሉ ማለት ነው። ከዚያ አገር በካርቶን ታሽገው ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የሚደርሱ መጻሕፍት ይህንኑ ሚዛን ይዘው ቢመጡ አያስደንቅም።

የተረት እንስሳትን ከቤት አስወጡ ማለቴ አይደለም። ብልጥ ጦጣና ሞኝ ጅብ የሌሉበት ልጅነት ምን ልጅነት ነው? ነገር ግን ጦጣዋ ሻሽ አታስርም፣ ቀበሮው በክራንች አይሄድም፣ አንበሳውም ሥራ ያጣ አባት የለውም። ለእነዚህ ሰው ያለበት መጽሐፍ ያስፈልጋል።

2. ዕድሜውን ማየት

ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ወፍራም ገጽ ያለው፣ አጥቦ ማድረቅ ባይቻልም በእርጥብ ጨርቅ የሚጠረግ፣ በየገጹ አንድ ትልቅ ሥዕል ወይም የሰው ፊት ያለበት መጽሐፍ ይበቃዋል። ከሁለት እስከ አራት ዓመት በየገጹ አንድና ሁለት ዓረፍተ ነገር፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ችግር ተፈጥሮ የሚፈታበት ታሪክ።

ለጨቅላ ልጅ የሰው ዓይነት ማብዛት ምን ይጠቅመዋል የሚል ካለ አንድ ጥናት ላንሳ። በ2006 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ፣ በእስራኤል ተመራማሪዎች የተሠራ ሲሆን ያተኮረው በ3 ወር ሕፃናት ላይ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ የጥቁር ሰው ፊት እያዩ ያደጉት በጥቁር ፊት ላይ፣ እስራኤል ውስጥ ነጭ ፊት እያዩ ያደጉት በነጭ ፊት ላይ ዓይናቸውን ረዘም አድርገው አሳረፉ። እስራኤል ውስጥ ሁለቱንም እያዩ ያደጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን ለየትኛውም አላዳሉም። ጥናቱ ስለ መጻሕፍት አይናገርም። ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት የለመደውን ፊት ካልለመደው እንደሚለይ ግን ያሳያል፤ ለእኔ ቶሎ ለመጀመር ይህ በቂ ምክንያት ነው።

3. መደብር ውስጥ፦ ጽሑፉን ሸፍኖ ሥዕሉን ማንበብ

ከደሴ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ገዛችሁም ከአዲስ አበባ አስመጣችሁ፣ ሽፋኑን አትመኑ። ሽፋን ላይ አምስት ዓይነት ልጅ ተደርድሮ ውስጡ የአንዱ ብቻ ታሪክ የሆነ መጽሐፍ ሞልቷል። ጽሑፉን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሥዕሉን ብቻ ተከተሉ፤ ልጃችሁም የሚያነበው እንደዚያ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ነገሩን የሚያደርገው ማን ነው፣ የሚደረግለትስ?

እናት ከጓዳ ሳትወጣ መጽሐፉ ካለቀ፣ ልጅቱ ቆማ የወንድሟን ብልሃት የምታደንቅ ብቻ ከሆነች፣ ገጠሬው ልጅ ሁልጊዜ ባዶ እግሩን ሆኖ ከከተማ መጥቶ የሚያስተምረውን የሚጠብቅ ከሆነ፣ መልሱ ተገኝቷል። ክፉው ሰው ሁሌ ከሌሎቹ ጠቆር ተደርጎ ይሣል እንደሆነም ልብ በሉ። የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ሲገኝ ደግሞ መጨረሻውን ተመልከቱ። ብዙ መጻሕፍት ወይ ያስለቅሱታል ወይ በመጨረሻው ገጽ በተአምር ያስነሡታል። የሚሻለው በዊልቸሩ እንደተቀመጠ ኳስ አቀብሎ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ ወደ ቤቱ የሚገባው ነው።

አሁን ያንን ሁሉንም ዓይነት ሰው የሚያሳይ መጽሐፍ እናንሳ። በየገጹ አንድ ብሔር፣ በየብሔሩ አንድ የባህል ልብስ፣ ሁሉም እየጨፈረ፤ ልክ ኅዳር 29 ቀን በብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች በዓል ስታዲየም ውስጥ እንደምናየው ሰልፍ። ሥዕሉ ያማረ ሊሆን ይችላል። ልጁ የሚረዳው ግን ሌላው ሰው ሲጨፍር የሚኖር፣ ሳይጨፍር የማይታይ መሆኑን ነው። የጋሞ ልጅ ጉንፋን ይይዘዋል። የአፋር ልጅ ጫማዋ ይጠፋባታል። የሶማሌ ልጅ ታናሽ ወንድሙ ላይ ይቀናል። እንዲህ ያለ ተራ ነገር የሚተርክ አንድ መጽሐፍ ከሰልፉ መጽሐፍ እጅግ ይበልጣል። በዓልን የሚያሳዩ መጻሕፍት አይገዙ ማለት አይደለም፤ የሙስሊሙ ልጅ መውሊድ ላይ ብቻ፣ የክርስቲያኑም ጥምቀት ላይ ብቻ ብቅ የሚሉ ከሆነ ግን መደርደሪያው ጎድሏል።

ወሎ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለ። እዚህ ልጆች የሁለት ሃይማኖት ድግስ ያውቃሉ። ሠርግ ቤት ሥጋው ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ለየብቻ ታርዶ፣ በየድስቱ ተሠርቶ እንደሚቀርብ፣ ዳቦውና ቡናው ግን የጋራ እንደሆነ አይተዋል። ሁለት ጎረቤታሞች ከአንድ የሥጋ ወጥ ሲጎርሱ የሚሣልበት መጽሐፍ ለመልካም ታስቦ ቢሆንም የደሴ ልጅ ስሕተቱን ወዲያው ይይዛል። ሁለቱን ድስት ሳይደብቅ ጎረቤትነቱን የሚያሳየውን ምረጡ። ልዩነት የሌለ አስመስሎ የሚያስታርቅ መጽሐፍ አልወድም።

4. ስሙንና አማርኛውን በጆሮ መመዘን

አንድ ገጽ እዚያው መደብሩ ውስጥ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ምላስ የሚያደናቅፍ፣ ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ዓረፍተ ነገር ማታ ሲደክማችሁ አይነበብላችሁም። የፊደል ግድፈት የበዛበትንም ተዉት፤ ፊደል ሊቆጥር የደረሰ ልጅ ስሕተቱን ነው የሚለምደው።

የገጸ ባሕርያቱን ስሞች ደግሞ ጻፏቸው። «አበበ በሶ በላ፣ ጫላ ጩቤ ጨበጠ» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። ድምፅ ለማለማመድ የተደረደረ ነው፤ ክፋት አልታሰበበትም። ሆኖም አንዱ በሶውን ሲበላ ሌላው ጩቤ መያዙን አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም። በደርዘን መጻሕፍት ውስጥ በሶ የሚበላ ጫላ፣ ሰበብ የሚፈጥር አበበ፣ ጎበዝ ፋጡማ መኖር አለባቸው። በወሎ እንደሚገጥመው የልጁ ስም ከአንዱ፣ የአባቱ ስም ከሌላው ሃይማኖት የሆነበት ገጸ ባሕርይ ብታገኙ ሳታመነቱ ግዙ።

በሁለት ቋንቋ የታተመ መጽሐፍ፣ አማርኛና ኦሮምኛ ለምሳሌ፣ ጎረቤት አብሮ እንዲያነብ በር ይከፍታል። ሁለቱ ጽሑፎች እኩል መጠንና እኩል ስፍራ ተሰጥቷቸው እንደሆነ ብቻ አረጋግጡ። አንዱ በትልቁ፣ ሌላው ከሥሩ ደቅቆ የተጻፈ ከሆነ ልጅ የትኛው ቋንቋ ትልቅ እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል።

5. ካልተገኘ ወይም ዋጋው ካልተቻለ

የሚሸጠው ጥቂት መሆኑ የታወቀ ነው። መውጫው ግን አለ። ከ2014 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ የሚሠራው፣ መነሻው ደቡብ አፍሪካ የሆነው አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለ ድረ ገጽ ባለሥዕል ታሪኮችን በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች በነፃ ያቀርባል፤ አማርኛና ኦሮምኛም ይገኙበታል። ጥራታቸው ስለሚለያይ ከላይ ባለው ፈተና አሳልፏቸው። የወደዳችሁትን በፍላሽ ይዛችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ሂዱና በኤ4 ወረቀት አትማችሁ መሐሉን በስቴፕለር ምቱት። ሽፋኑን ላሚኔት ማስደረግ ትንሽ ያስወጣል፤ ሆኖም ለሁለት ዓመት ልጅ ይህ ቅንጦት አይደለም። የደራሲውና የሠዓሊው ስም ያለበትን ገጽ ቆርጣችሁ አትጣሉ።

ሁለተኛው መንገድ ራሳችሁ መሥራት ነው። የሰፈሩን ሰዎች አስፈቅዳችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፦ ዳቦ ጋጋሪዋን፣ የባጃጁን ሾፌር፣ አንገታቸው ላይ መቁጠሪያ ያጠለቁትን እማማ፣ ሙሰባ (የሙስሊሞች መቁጠሪያ) የያዙትን ሼህ። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ፣ እሱም የሚሠሩትን ይናገር። ልጁ በስም የሚያውቃቸው ሰዎች ያሉበት መጽሐፍ ከማንኛውም ግዢ በላይ ሲገላበጥ ታያላችሁ።

በተረፈ አራት አምስት ቤተሰብ ተስማምቶ እያንዳንዱ የተለየ መጽሐፍ ይግዛና ይዘዋወር። ሽፋኑ ውስጥ የባለቤቱን ስም መጻፍ አትርሱ፤ የልጅ መጽሐፍ ወስዶ የሚመልስ ሰው ብርቅ ነው።

6. ማንበብና ጥያቄውን መቀበል

ልጁን ጭናችሁ ላይ ወይም ጎናችሁ አስቀምጡት፤ ገጹን እሱ ይግለጥ። ፊደል ያልቆጠሩ አያት ካሉ ሥዕሉን እያዩ በራሳቸው ቃል ይተርኩለት፤ ከጽሑፉ ቢርቁም ምንም አይደለም።

ጥያቄ ይመጣል። «ለምን አንድ እግር የለውም?» «ለምን እንደ እኛ አያማትብም?» እኛ የለመድነው «ዝም በል፣ ነውር ነው» ማለት ነው፤ ልጁ ግን ከዚህ የሚማረው ነውሩ ሰውየው መሆኑን ነው። አጭር እውነት መልሱለት፦ «እግሩ ተጎድቶ ነው፤ በክራንቹ ይሄዳል።» «እነሱ የሚጸልዩት እንዲህ ነው፣ እኛ ደግሞ እንዲህ።» ከዚያ ወደ ታሪኩ ተመለሱ። ረዥም ስብከት ከጀመራችሁ ልጁ መጽሐፉን ዘግቶ ይነሣል፤ እውነትም አለው። ይልቅ ቤት ውስጥ መልስ ያገኘበትን ነገር በማግስቱ መንገድ ላይ ጮክ ብሎ ሊደግመው እንደሚችል አስቡና ሰውየው ቢሰማው የማያፍርበትን መልስ ስጡ።

ደካማ መጽሐፍም ይጠቅማል። ቆማ የምታጨበጭብ ልጅ ያለችበት ገጽ ላይ ስትደርሱ «እሷ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። መልሱን ከሥዕሉ አጠገብ በእርሳስ ጻፉለት።

ጳጉሜን ላይ፣ የትምህርት ቤቱ ግዢ ከመጀመሩ በፊት፣ ያንን ለሁለት የተከፈለ ወረቀት እንደገና አውጡት። በግራው በኩል አዲስ ሰው ተጨምሮ ይሆናል፦ አዲስ ተከራይ፣ አዲስ መምህርት፣ ከአዋሽ ማዶ የመጣ የክፍል ጓደኛ። በዓመቱ ልጁ ራሱ ከመደርደሪያ ያላወረዳቸውን መጻሕፍት ለይታችሁ ለሌላ ቤት ስጡ፤ በእነሱ ፈንታ የሚገቡትን ከግራው ዝርዝር ተነሥታችሁ ፈልጉ።