ስለ ሕዝበ ውሳኔ የሚዘገብ ዜና ወገንተኛ መሆኑን እንዴት ማጣራት ይቻላል

በ2016 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የአማራና የትግራይ ክልሎች የሚወዛገቡባቸው አካባቢዎች ጉዳይ በሕዝበ ውሳኔ እንደሚፈታ ካስታወቀ ወዲህ፣ በደሴ ፒያሳ ሻይ ቤቶችም ሆነ በኮምቦልቻ መናኸሪያ ተሳፋሪ በሚጠብቁ ሚኒባሶች ውስጥ «ይህ ጣቢያ ለእነ እንትና ያደላል» የሚል ክስ ደጋግሞ ይሰማል። ክሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው አድማጩን ክፉኛ ባናደደው አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተመሥርቶ መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ወገንተኝነትን ቆጥሮ ለማጣራትና ውጤቱን የተቃራኒው ወገን ሰው ጭምር ሊፈትሸው በሚችል መልክ ለማስቀመጥ ይረዳል። ምሳሌዎቹን በአብዛኛው ከስኮትላንድና ከብሪታንያ ወስጃለሁ፤ ስለ ራያ በሚነገር ዜና ልምምድ የሚጀምር ሰው ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው መቁጠሩን ትቶ ክርክር ይገባልና።

1. አቋምዎን አስቀድመው ይጻፉ

ዜናውን ከመክፈትዎ በፊት የትኛው ወገን ቢያሸንፍ ደስ እንደሚልዎት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከሥሩም «ጣቢያው አላደላም ለማለት ምን ማየት ይኖርብኛል?» ለሚለው ጥያቄ መልስዎን ያስፍሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ሮበርት ቫሎን፣ ሊ ሮስና ማርክ ሌፐር ባሳተሙት ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ቤይሩት ውስጥ ፍልስጤማውያን ስደተኞች በሚኖሩባቸው በሳብራና ሻቲላ ስለተፈጸመው ጭፍጨፋ የተሠሩ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዜናዎች እስራኤልን ለሚደግፉም አረቦችን ለሚደግፉም ተማሪዎች ታዩ። ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዜና ተመልክተው፣ እያንዳንዳቸው ዜናው በእነሱ ላይ ያደላ መሆኑን ተናገሩ። የበለጠ የሚገርመው ስለ ጉዳዩ ብዙ የሚያውቁት ከሌሎቹ የባሰ አድልዎ የታያቸው መሆኑ ነው። ስለዚህ መናደድዎ ለማጣራት ያነሣሣዎት እንጂ በማስረጃነት አይቆጠር።

2. የሚመረምሩት ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ይለዩ

ዜና፣ ርዕሰ አንቀጽ፣ ትንታኔ፣ የአድማጮች የስልክ አስተያየትና የተከፈለበት ማስታወቂያ በአንድ ሚዛን አይለኩም። በብሪታንያ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች በሕዝበ ውሳኔ ወቅት እንዳያዳሉ ደንብ ያስገድዳቸዋል፤ ጋዜጦች ግን የፈለጉትን ወገን መደገፍ ይችላሉ። ስኮትላንድ ከብሪታንያ ነጻ ትውጣ ወይስ አትውጣ በሚል እ.ኤ.አ. በ2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሰንደይ ሄራልድ ነጻነትን መደገፉ፣ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ በሚል እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው ደግሞ ዴይሊ ሜይል መውጣትን ሲደግፍ የዚያው ድርጅት የእሑድ ጋዜጣ መቆየትን መምረጡ ደንብ እንደመጣስ አልተቆጠረም። በእኛ ሀገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ ወይም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ይደነግጋል። ስለሆነም ከኢቢሲ ወይም ከአሚኮ የሚጠብቁት ሚዛናዊነት አንድ ግለሰብ በዩቲዩብ ከከፈተው ቻናል ከሚጠብቁት እጅግ የበለጠ ይሁን፤ የኋለኛውን ወገንተኝነት ለማረጋገጥማ ደብተር ማባከን አያስፈልግም።

3. ደብተር ከፍተው ይቁጠሩ

አንድ ባለ መስመር ደብተር ለሁለት ወይም ለሦስት ጣቢያዎች ይበቃል። የሚከታተሉትን ፕሮግራምና የሚከታተሉበትን ጊዜ ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ፤ ለምሳሌ የምሽቱን የ2 ሰዓት ዜና ብቻ፣ ለሁለት ተከታታይ ሳምንታት። ዛሬ የቀኑን ነገ የምሽቱን እየመረጠ የሚመለከት ሰው የፈለገውን ማግኘቱ አይቀርም። ገጹን በአምዶች ይክፈሉት፦ ቀኑ፣ ዜናው በስንተኛ ተራ እንደተነበበ፣ የየወገኑ ሰው በራሱ አንደበት የተናገረበት ሰከንድ፣ ሌላ ሰው ስለ እሱ የተናገረበት ሰከንድ፣ ንግግሩ የታሰረበት ግሥ። ለሰከንዱ የስልክዎ ሰዓት በቂ ነው።

በራስ አንደበት መናገርንና በዜና አንባቢ መጠቀስን የሚለየውን አምድ አይዝለሉት። አንዱ ወገን ፊቱ እየታየ ሲያብራራ፣ ሌላው በዜና አንባቢዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ካለፈ፣ የሁለቱም ስም ስለተጠራ ብቻ ዜናው ሚዛናዊ ሊባል አይችልም። መብራት የጠፋበት ምሽት፣ በደሴ ይህ ብርቅ አይደለም፣ «አልታየም» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ በማግስቱ ከቴሌግራም በተገኘ ቁራጭ ቪዲዮ አይሞላ፤ ቪዲዮውን የቆረጠው ሰው የራሱን ምርጫ አብሮ ልኮልዎታልና።

በአንድ ቀን ቁጥር ላይ ተመሥርተው አይፍረዱ። አንዱ ወገን ትልቅ ስብሰባ በጠራበት ቀን ደቂቃው ቢበዛ የሚያስገርም ነገር የለውም። ደቂቃው እኩል ስለሆነም አድልዎ የለም ማለት አይቻልም፤ በብሪታንያው ሕዝበ ውሳኔ ወቅት አብዛኞቹ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ከኅብረቱ መውጣት ኢኮኖሚውን እንደሚጎዳ ያምኑ ስለነበር፣ ከየወገኑ አንድ አንድ ባለሙያ ጎን ለጎን ማቅረብ ተመልካቹ ባለሙያዎቹ እኩል የተከፈሉ እንዲመስለው አድርጓል የሚል ወቀሳ በቢቢሲ ላይ ቀርቧል።

4. ግሡንና አንቱታውን ይመልከቱ

በአማርኛ ዜና አድልዎ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው በግሥ ውስጥ ነውና ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። እነዚህን ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀኋቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያስተያዩ፦ «የደጋፊዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ የሕዝቡ ጥያቄ ሕጋዊ መሆኑን አረጋገጡ።» «የተቃዋሚው ቡድን አስተባባሪ ጥያቄው ሕጋዊ አይደለም ሲል ተደመጠ።» ሰብሳቢው አንቱ ተብለዋል፤ አስተባባሪው አንተ ተብሏል። የሰብሳቢው አባባል «አረጋገጡ» በመባሉ እንደተጣራ እውነት ሲቀርብ፣ የአስተባባሪው ግን «ተደመጠ» በመባሉ እንደ አሉባልታ ሆኗል። ከአንዱ ጀርባ «ሕዝቡ» ቆሟል፤ ከሌላው ጀርባ «ቡድን» አለ። ይህ ሁሉ አንድም ሐሰት ሳይነገር የተደረገ ስለሆነ፣ ዘጋቢው ቢጠየቅ «የተናገሩትን ነው ያቀረብኩት» ብሎ በንጹሕ ልቡና ይመልሳል።

መፈተኛው ቀላል ነው። የሁለቱን ወገኖች ስም አቀያይረው ዓረፍተ ነገሮቹን ጮክ ብለው ያንብቧቸው፤ ለጆሮ የሚጎረብጥ ከሆነ ምልክት ያድርጉበት። «ነን ባዮች»፣ «ተብዬው»፣ «አንዳንድ ግለሰቦች» የሚሉት አገላለጾች ለየትኛው ወገን ስንት ጊዜ እንደዋሉም ይቁጠሩ። አንቱታን ሲመዝኑ ግን ይጠንቀቁ፤ ሚኒስትርን አንቱ ብሎ ወጣት አክቲቪስትን አንተ ማለት የቆየ የዜና ክፍል ልማድ ሊሆን ስለሚችል፣ ማነጻጸር የሚገባው በዕድሜና በሥልጣን ተቀራራቢ የሆኑ ሰዎችን ነው።

5. ዜናውን ከምንጩ ጋር ያስተያዩ

መጀመሪያ የሚፈለገው የድምፅ መስጫው ጥያቄ ራሱ ነው። በስኮትላንድ በመጀመሪያ የታሰበው ጥያቄ «ስኮትላንድ ነጻ ሀገር መሆን እንዳለባት ይስማማሉ?» የሚል ነበር፤ «ይስማማሉ» ማለቱ መራጩን ወደ አዎንታ ስለሚገፋ የምርጫ ኮሚሽኑ «ስኮትላንድ ነጻ ሀገር መሆን አለባት?» ተብሎ እንዲስተካከል አድርጓል። ወደ እኛ እንምጣ። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚያደርሰውን መንገድ የሚያውቅ ትውልድ፣ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተካሄደው የኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ መራጩ «ነጻነት ወይስ ባርነት» ተብሎ ተጠየቀ ሲባል ሰምቶ አድጓል። በቅስቀሳው የተባለው ምንም ይሁን ምን፣ ወረቀቱ የጠየቀው ኤርትራ ነጻና ሉዓላዊ ሀገር መሆኗን መራጩ ይደግፍ እንደሆነ ነበር። በሂደቱ ላይ ሌላ ቅሬታ ያለው ሰው ቅሬታውን ማቅረብ ይችላል፤ ወረቀቱ ያላለውን ብሏል ብሎ ከጀመረ ግን ቀሪውን የሚሰማለት አያገኝም።

ቀጥሎ ሙሉውን ንግግር ይፈልጉ። የስኮትላንድ ድምፅ አሰጣጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው የቢቢሲው ኒክ ሮቢንሰን ኤድንብራ ላይ በተሰጠ ጋዜጣዊ መግለጫ የስኮትላንድን መሪ አሌክስ ሳልሞንድን ስለ አንድ ትልቅ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ወደ ለንደን መዛወር ጠየቋቸው። በምሽቱ ዘገባ ሳልሞንድ መልስ እንዳልሰጡ ተነገረ፤ በኢንተርኔት የተለቀቀው ሙሉ ቪዲዮ ግን ረዘም ያለ መልስ ሲሰጡ ያሳያል፤ በዚያው ሳምንት እሑድ ብዙ ሰዎች ግላስጎው በሚገኘው የቢቢሲ ሕንፃ ፊት ለፊት ተሰለፉ። መልሱ አጥጋቢ ነበር ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል። «አልመለሱም» የሚለው ግን በቪዲዮው የሚፈተሽ ነገር ነው፤ እርስዎም በደብተርዎ ማስፈር ያለብዎት እንዲህ ሊፈተሽ የሚችለውን ነው።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። በብሪታንያ የመውጣት ደጋፊዎች በአውቶቡስ ላይ የጻፉት በየሳምንቱ ወደ ኅብረቱ ይላካል የተባለው 350 ሚሊዮን ፓውንድ ለሀገሪቱ የሚደረገው ቅናሽ ያልተቀነሰበት ነበር፤ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ ሰብሳቢ አንድሪው ዲልኖትም አሳሳች ብለውታል። የመቆየት ወገን በበኩሉ እያንዳንዱ ቤተሰብ በዓመት 4,300 ፓውንድ እንደሚጎዳ ሲናገር፣ ቁጥሩ የተገኘው በትንበያ የተገመተ የሀገር ምርት ቅናሽ ለቤተሰብ ብዛት ተካፍሎ እንጂ ከማንም ኪስ ተቆጥሮ አልነበረም። ጣቢያው አንደኛውን ቁጥር አብራርቶ ሌላውን እንዳለ ካነበበ ይመዝገብ።

6. በተቃራኒ አቋም ያለ ሰው ያስቆጥሩ

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ከእርስዎ ጋር የማይስማማ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ይፈልጉና ያንኑ ዜና ለየብቻ፣ ሳትነጋገሩ፣ በተመሳሳይ አምዶች መዝግቡ። ደብተሮቹ ቡና ተፈልቶ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሰከንዶቹ መመሳሰል አለባቸው፤ ካልተመሳሰሉ ከሁለት አንዳችሁ ሳይሰማ ያለፈው ዜና አለና እንደገና ይታይ። በግሦቹ ላይ ልዩነት ይኖራል፤ ለልዩነቱ ብዙ አትጨነቁ። ሁለታችሁም ምልክት ያደረጋችሁባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ወደ ንጹሕ ገጽ ገልብጡ። ከሁለት ሳምንት ክትትል በኋላ ይህ ገጽ አጭር ቢሆን አይደንግጡ።

7. አቤቱታውን ይጻፉ

አቤቱታው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ የጎደለውን ወይም የተዛባውንና የሚጠይቁትን ማስተካከያ ይያዝ። «ጣቢያው ተገዝቷል» አይበሉ፤ ደብተርዎ ስለ ገንዘብ የሚያውቀው ነገር የለም። «በዚህ ቀን በ2 ሰዓቱ ዜና የአንዱ ወገን ተወካይ ሰማንያ ሰከንድ በራሱ አንደበት ሲናገር የሌላው ወገን ምላሽ አልቀረበም፤ በሚቀጥለው ዜና እንዲቀርብ እጠይቃለሁ» የሚል አቤቱታ አዘጋጁን መልስ እንዲፈልግ ያስገድደዋል። መጀመሪያ ለዜና ክፍሉ ዋና አዘጋጅ ይላክ፤ ምላሽ ካልተገኘ ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ማቅረብ ይቻላል። በሁለት ሰዎች የተፈረመና ፈራሚዎቹ በሕዝበ ውሳኔው ላይ የተለያየ አቋም እንዳላቸው የሚገልጽ ከሆነ ክብደቱ ይጨምራል። ማስተካከያው ሲተላለፍም በስንተኛ ተራ እንደተነበበ በዚያው አምድ ይመዝግቡ፤ ስሕተቱ በመጀመሪያ ዜናነት ቀርቦ ማስተካከያው ከስፖርት በኋላ ከመጣ ለሚቀጥለው አቤቱታ የሚሆን ነጥብ አግኝተዋል።