ድንጋዩን ማን ይለካው? ከውጭ ሆናችሁ ቤት ለምታሠሩ

ዳላስም ጅዳም ካሉ ወዳጆቼ በየጊዜው ያው ጥያቄ ይመጣልኛል። «ለቤቱ ማርብል ይሻላል ግራናይት?» አጭሩን መልስ ላስቀድም።

ማርብል ውብ ነው፣ ግን ለስላሳ ነው። ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣው የዳለቲ ማርብል ሳሎንና መኝታ ቤት ላይ ያምራል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ ወይም ቲማቲም ሲፈስበት ግን ወዙን ያጣል፤ ኪችን አታስገቡት። ለኪችንና ለደረጃ ግራናይት አድርጉ። ለመለየት ጀርባውን በቢላ ጫፍ ጫር ማድረግ ነው፤ ማርብል ይጫራል፣ ግራናይት እምቢ ይላል። ካርቶን ውስጥ ታሽጎ «ግራናይት» የሚባለው ደግሞ ፋብሪካ የሠራው ፖርሰሊን፣ ማለትም የተተኮሰ የሸክላ ንጣፍ ነው። መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ የድንጋይ ዋጋ ግን አትክፈሉበት። የአምቦ ድንጋይ ለአጥርና ለውጭ ግድግዳ ጥሩ ነው። ውሃ ስለሚጠጣ ቫርኒሽ አትቀቡት፤ ርጥበቱ ውስጥ ይታፈንና ፊቱ ይላጣል።

ድንጋይ ለመግዛት ውክልና አያስፈልግም። ለሌላ ጉዳይ ከሰጣችሁ ኤምባሲ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ነው፤ ሰልፉን ታውቁታላችሁ። «መሸጥ መለወጥ» የሚለውን ቃል ግን ለግንባታ ብላችሁ እንዳታስገቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ለደረጃዬ 3 ሴንቲ ግራናይት ታዘዘ፣ ተከፈለ። የገባው 2 ሴንቲ ነው። ጉዳዩን የያዘው የአክስቴ ልጅ ነበር። ሌባ አይደለም፤ አንድ ብር አልነካም። ድንጋዩ ሲራገፍ ቆሞ አይቷል፣ ቀጭን መሆኑንም አውቋል። ግን ነጋዴው «ወንድሜ» እያለ ማኪያቶ ሲጋብዘው ከርሟል። እንዴት አድርጎ «መልሰህ ጫን» ይበለው? ለእኔ መንገርም ከበደው። «በሰው አገር ለፍቶ የላከው ነው፣ ለምን እናስጨንቀው» ተባለ። እናቴ ታውቃለች። እህቴ ታውቃለች። ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። ለእኔ የሚደርሰኝ «በጣም አምሯል፣ እንኳን ደስ ያለህ» የሚል የድምፅ መልእክት ነው።

በዚህ አላበቃም። ቤቱ ሊመረቅ ሲል ወለሉ ላይ የቀረውን ሲሚንቶ ለማንሳት ማርብሉ ላይ አሲድ ደፉበት። አሲድ ሲሚንቶና ማርብል አይለይም፣ ሁለቱንም ይበላል። የሳሎኑ ወለል ፈዞ ቀረ። እንደገና ማስወልወል ግድ ሆነ፤ እሱም ሌላ ወጪ ነው። ያንንም የሰማሁት ከጎረቤት ነው፣ ያውም ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ።

የሰረቀ ዘመድ ገጥሟቸው የሚያማርሩ ሰዎች አሉ። እኔን የጎዳኝ ይሉኝታ ነው፤ ደግሞ ይሉኝታ ያለበትን ሰው መክሰስም መቆጣትም አይቻልም።

ስለዚህ የሚገዛውና የሚለካው አንድ ሰው አይሁን። የሚለካው ነጋዴውንም ቤተሰባችሁንም የማያውቅ ይሁን። አንድ ወጣት መሐንዲስ ወይም ፎርማን ለዚያች ቀን ቅጠሩ። የሚራገፈውን ይቁጠር፣ ውፍረቱንና ካሬውን ይለካ፣ ይሂድ። ቀሪው ክፍያ ከእሱ ቃል በፊት አይለቀቅ፤ ሲለቀቅም በቀጥታ ወደ ሻጩ አካውንት፣ በደረሰኝ።

ለዘመድም በግልጽ ክፈሉ። ቁርጥ ያለ ዋጋ ንገሩት። «ለትራንስፖርት» እያላችሁ የምታድበሰብሱት ገንዘብ አልበቃ ሲል ኮሚሽን ሆኖ ከድንጋዩ ላይ ይወጣል፤ ማኪያቶውም የሚጀምረው እዚያ ነው።

ስትደውሉ «እንዴት ነው ሥራው?» አትበሉ። መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። «ሜትሩን ጎኑ ላይ አስደግፈህ ፎቶ አንሳልኝ» በሉ። ያኔ ማንም ማንንም ሳያሳፍር ቁጥሩ ይታያል።

ፎቶ ራሱ ያታልላል። ውሃ የተረጨ ድንጋይ ቀለሙ ይደምቃል፣ ያልተወለወለውም ያበራል። ደረቅ ሆኖ ይነሳ። ከዚያ ውሃ ያፍሱበትና ሲደርቅ በቪዲዮ ይቅረጹት። ስንጥቅ ካለ ሌላው ቦታ ደርቆም እሱ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቆያል። ሻጩ በዚህ ከተቆጣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ጽዳቱን ለምትሠራው ሴት ራሳችሁ ደውሉላት፤ በሰው አትላኩ። ለስላሳ ሳሙና፣ ውሃ፣ ደረቅ ጨርቅ፤ በቃ። አሲድ ቤት ውስጥ አይግባ። አሲድና በረኪና ከተቀላቀሉማ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ እሱ የወለል ጉዳይ አይደለም። ቅቤ ወይም የወጥ ዘይት ማርብሉ ውስጥ ከሰረገ ቤኪንግ ሶዳ በውሃ ለውሶ መለጠፍ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ማሳደር ነው። ጠዋት ይጠረጋል፤ ካልለቀቀ ይደገማል። ድንጋዩ ከተነጠፈ በኋላ ማሸጊያ ፈሳሽ ማስቀባትም ይጠቅማል፤ ዘይቱ ቶሎ እንዳይሰርግ ጊዜ ይሰጣል፣ ሎሚን ግን አይመልስም። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ ምድጃ ሥር የሚደረግ ነገር አይጥፋ።

መጨረሻ፣ ከምትፈልጉት 10 በመቶ ያህል አስበልጣችሁ በአንድ ጊዜ ግዙ። ሲቆረጥ ይባክናል። ነገ አንዱ ቢሰበርም ከሌላ አለት የተቆረጠው በቀለም አይገጥምም። የተረፈውን ስቶር አስቆልፉበት። ግቢ ውስጥ ከተዋችሁት ለበዓል ስትመጡ የአንዱ ጎረቤት ደረጃ ሆኖ ትረግጡታላችሁ፣ ያውም «እንኳን ደህና መጣህ» እየተባላችሁ።