የቢልሃርዚያ እጭ ቆዳ ሲበሳ ምን ወደ ውስጡ እንደሚያስገባ በማይክሮስኮፕ ለማየት

ሁሌ የሚወራው የሽስቶሶማ (የቢልሃርዚያ ትል) እጭ (ሰርካሪያ) ቆዳ ላይ ስለሚለቀው ኢንዛይም ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ በዛችው ሰአት ወደራሱ የሚያስገባው ነገር ነው። ውሃ ውስጥ እየዋኘ ሳለ ሜምብሬን (የሴል ሽፋን) ማለፍ የማይችል ቀለም ብትጨምሩበት እምብዛም ወደ ውስጡ አይገባም፣ መብሳት ሲጀምር ግን ቀለሙ በቆሻሻ ማስወጫ ቀዳዳው ገብቶ የማስወጫ ቱቦዎቹን ይሞላል። እንዴት እንደምታዩት ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ። እጭ ያለበት ውሃ ቆዳ ከነካ በደቂቃዎች ውስጥ ይገባል፣ ስለዚ ድርብ ጓንት፣ ጋውን፣ መነጽር፣ 70% አልኮልም አጠገባችሁ ይሁን። ከነካችሁ ወዲያው በአልኮል ጥረጉና ለላቦራቶሪው ኃላፊ ተናገሩ፣ የቢልሃርዚያ መድሃኒት የሆነው ፕራዚኳንቴል ገና ያላደገውን ትል በደንብ ስለማይገድል ክኒን ዋጥኩ ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

እጩን የተሸከሙትን ቀንድ አውጣዎች ጨለማ ውስጥ አሳድሩና ጠዋት ንጹህ ውሃ ውስጥ መብራት ስር አንድ ሁለት ሰአት አቆዩአቸው፣ እጮቹ ይወጣሉ። ምግብ ስለማይበሉና ያላቸው ስንቅ ቶሎ ስለሚያልቅ የዛኑ ቀን፣ ቢቻል ጠዋቱኑ ተጠቀሙባቸው።

ለዚህ ሙከራ የግድ ቆዳ አያስፈልግም፣ እጩን "ቆዳ ደርሰሃል" የሚለው ቆዳ ላይ ያለው ቅባት ነው፣ በተለይ ሊኖሌይክ አሲድ። እሱን በስሱ የሳህኑ ታች ላይ ቀቡና ማሟሚያው (አሲዱ የሟሟበት ፈሳሽ) ሙሉ በሙሉ ይትነን፣ ከዛ እጮቹንና ሉሲፈር የሎ የሚባለውን ቀለም ጨምሩ። ጅራታቸውን ሲጥሉ ታያላችሁ። ትንሽ ቆይታችሁ ሁለት ሶስት ጊዜ እጠቡና ቀለሙን አብርቶ በሚያሳይ (ፍሎረሰንስ) ማይክሮስኮፕ እዩ፣ ቢጫ አረንጓዴ ሆነው የሚያበሩት ቀጫጭን መስመሮች ቱቦዎቹ ናቸው፣ መጀመሪያ ሳይ እውነት አልመሰለኝም ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋር ነው፦ እጩ ከሞተ ቀለሙ መላ ሰውነቱን ያጥለቀልቀዋል፣ ያ መምጠጥ አይደለም። መንቀሳቀሱን ሳታረጋግጡ አትቁጠሩ፣ ጎን ለጎንም ሊኖሌይክ አሲድ የሌለበት ሳህን ይኑራችሁ፣ አለበለዚያ የምታወዳድሩት ነገር የለም።

ሰአቱንም መዝግቡ። ከገባ በኋላ በ3 ሰአት አካባቢ ውስጥ እጩ አሮጌውን ሽፋን ጥሎ ድርብ ሜምብሬን ይለብሳል፣ ስለዚ አንዱን ቡድን ገና መብሳት ሲጀምር፣ ሌላውን ከ3 ሰአት በኋላ ቀለም ስጡና አስተያዩ። በሌላ ጊዜ የማይገባ መድሃኒት በዛች አጭር ሰአት ሊገባ ይችል እንደሆነ መጠየቅ የምትጀምሩት ከዚህ ነው።