ብረት የገባበት አጥንት ቁስል እንዳያመረቅዝ አስታማሚ ማድረግ ያለበት

አጥንቱ ተሰብሮ ብረት የገባለት ሰው ከጎንደር ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጭልጋ ሲመለስ ቁስሉን የሚጠብቅለት ቤተሰቡ ነው። ጀርም ብረቱ ላይ ካረፈ ስስ ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ ብረት ደም ስለማይዞርበት መድኃኒቱ በቅጡ አይደርስበትም። ያን ጊዜ ዳግም መቀደድ፣ አንዳንዴም ብረቱን ማውጣት ይመጣል።

ቀጠሮ የተያዘለት ቀዶ ሕክምና ከሆነ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ያቁም፤ ስኳር ያለበትም ስኳሩን ያስተካክል። በዋዜማው ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ቦታውን በምላጭ እንዳትላጩት፤ ምላጭ የሚተወው ጭረት ለጀርም በር ነው። ፀጉሩ መነሳት ካለበት ባለሙያው በማሽን ይቆርጠዋል።

ቤት ከገባ በኋላ ፋሻውን በየሰዓቱ ገልጦ ማየት ይጎዳል። ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ብቻ ይቀየር፤ ከረጠበ ወይም ከቆሸሸ ግን ቀኑን ሳትጠብቁ በአቅራቢያችሁ ጤና ጣቢያ አስቀይሩት። የሚቀይረው ሰው አስቀድሞ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቁስሉን በጣት አይንካ። ቅቤ፣ ማር፣ ፌጦ፣ እምነት ምንም አይቀባበት። ወጌሻም አይሸው፤ የታሰረው አጥንት ይናጋል፣ ስፌቱም ይከፈታል። ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ይወጣል። ጸበል መጠመቅ የሚፈልግ ስፌቱ ወጥቶ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይታገስ። በጥምቀት ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ከሄደም ውሃው ከሚረጭበት ራቅ ይበል።

ቁስል የሚጠግነው ምግብ ነው። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት ይብላ። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስርና አተር ከሳህኑ አይጥፉ፤ የታመመ ሰው ስለሆነም የንስሐ አባቱን ያማክር።

በየቀኑ ጠዋት ፋሻውን ሳትገልጡ ቁስሉ አካባቢ ያለውን ቆዳ በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱና ሙቀቱን ከደህናው እግር ጋር አስተያዩት። ቀይ ከሆነ የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩበት፤ በማግሥቱ ከመስመሩ ካለፈ እየሰፋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ እብጠትና ሕመም ያለ ነው። ሕመሙ ቀንሶ እንደገና ከባሰ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ከመጣ፣ ከሳምንት በኋላም ፈሳሽ ካላቆመ በዚያው ቀን ወደ ቀደደው ሆስፒታል ውሰዱት። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ መሞከር ትልቁ ስህተት ነው፤ መግሉ ላይ ላይ ቢደርቅም ውስጥ ያለው ይቀጥላል፣ ናሙና ሲወሰድም ጀርሙ ሳይገኝ ይቀራል። ብረት ባለበት እግር ኢንፌክሽን ከወራት በኋላም ሊመጣ ስለሚችል፣ ቁስሉ ድኗል ብላችሁ የራጅ ፊልሙንና የመውጫ ወረቀቱን አትጣሉ፤ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።